ማስታገሻው መሥራት ያቆመው የአንጎል ተቀባይ ፕሮቲኖች «ስለተቃጠሉ» ነውን?

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። በጉልበት አርትራይተስ ምክንያት ላለፉት ሁለት ዓመታት ትራማዶል ትወስዳለች። መጀመሪያ ጠዋትና ማታ 50 ሚሊግራም ይበቃት ነበር። አሁን በቀን 300 ሚሊግራም ደርሳም ሌሊቱን በሕመም ታነጋለች። አንድ መድኃኒት ቤት ስናማክር፣ በአንጎሏ ሴሎች ሽፋን ላይ ያሉት ተቀባይ ፕሮቲኖች ፎስፌት ተለጥፎባቸው ተቃጥለዋል፤ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ አቁማ ለአንድ ወር በዚህ ማሟያ ይታጠብላት ብለው የሚዋጥ ነገር ሸጡልን። እኔ ደግሞ መጠኑን ወደ 400 ብናሳድገው ይሻላል ብዬ አስባለሁ። ተቀባዮቹ በእርግጥ ተበላሽተዋል? ተመልሰው ይድናሉ? ለማንኛውም፣ ከአምስት ወር ወዲህ ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን ተጀምሮላታል፤ ሌላ መድኃኒት የላትም።»

ምላሽ፦ ተቀባይ ፕሮቲኖቹ አልተቃጠሉም። ፎስፌት፣ ከፎስፈረስና ከኦክስጅን የተሠራ ትንሽ ኬሚካል፣ የተለጠፈበት ፕሮቲን የተበላሸ ፕሮቲን አይደለም፤ በማሟያ የሚታጠብ ነገርም የለም። መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ እናንተው ራሳችሁ ወደ 400 ማሳደጋችሁም እንዲሁ። ከጥያቄዎ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን «ለማንኛውም» ብለው በመጨረሻ ያከሉት ዓረፍተ ነገር ነው። ወደ እርሱ እመጣለሁ። አስቀድሜ የፎስፌቱን ነገር መልክ ላስይዘው፤ የነገሯችሁ ነገር ግማሽ እውነት ስላለበት በቀላሉ ይታመናል፣ ጉዳቱም ከዚያ ይመጣል።

ትራማዶል ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ሚዩ በሚባለው የኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶች) ተቀባይ አማካይነት ነው። ይህ ተቀባይ በሰው ላይ ከ400 አሚኖ አሲዶች የተሠራ አንድ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ የነርቭ ሴሉን ሽፋን ሰባት ጊዜ ሰርስሮ ያልፋል። አንዱ ጫፉ ከሴሉ ውጭ ይቀራል፤ ሌላው ጫፍ፣ ጅራቱ፣ ወደ ሴሉ ውስጥ ተንጠልጥሏል። ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጫቸው ኢንዶርፊኖችም ሆኑ ሞርፊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የሚያርፉት ከውጭ በኩል ክፍት በሆነ ጎድጓዳ ስፍራ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ማረፊያ በአንጎል ውስጥ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1973 ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ኤሪክ ሳይመን በኒው ዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስም በስዊድን ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። መድኃኒቱ ሲያርፍ የተቀባዩ የውስጥ ገጽ ቅርጹን ይለውጣል፤ እዚያ የሚጠብቀው ጂ ፕሮቲን ይነቃል፤ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፣ የካልሲየሞቹ ይዘጋሉ፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው የሴሉ የውስጥ መልእክተኛም ምርቱ ይቀንሳል። ሴሉ ይረጋል። ከጉልበት ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው የሕመም መልእክት ሳስቶ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ጅራቱን ቀረብ ብለን እንየው። ጅራቱ ላይ ሴሪንና ትሪዮኒን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች ተደርድረዋል። መድኃኒት ያረፈበትን ተቀባይ ለይተው የሚያውቁ ካይኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ይመጡና፣ ኤቲፒ ከሚባለው የሴሉ የኃይል ምንጭ ላይ አንድ ፎስፌት ነጥለው በእነዚህ አሚኖ አሲዶች ላይ ይተክሉታል። በአይጥ ተቀባይ ላይ ቀድሞ የሚያዘው 375ኛው ቦታ ላይ ያለው ሴሪን ነው፤ በሰው ላይ ያው ሴሪን 377ኛው ነው። ጠንካራ ኦፒዮይድ ሲያርፍ ይህ ቦታ ደቂቃ ሳይሞላ ፎስፌት ይይዛል፤ ጎረቤቶቹም ይከተላሉ። ፎስፌት ከፍተኛ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው አረስቲን የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ይስባል። አረስቲኑ ጂ ፕሮቲኑ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ ይይዛል፤ ምልክቱ ይዳከማል። ከተቀባዮቹ ከፊሎቹም ከሽፋኑ ተነሥተው ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባሉ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም፤ ለእናንተ ያልተነገራችሁም ይህ ክፍል ነው። ፎስፋቴዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ፎስፌቱን ቆርጠው ያነሡታል፤ ብዙዎቹ ተቀባዮች ወደ ሽፋኑ ተመልሰው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መድኃኒቱ ከማረፊያው ከተነሣ ይህ የማንሣት ሥራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ፎስፌት በእርሳስ እንደተጻፈ ምልክት ነው፤ የሚጽፈውም የሚያጠፋውም ሴሉ ራሱ ነው። ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1992 የሕክምና ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው፣ ይህ ተመላሽ ለውጥ ሕይወት ያለው ሴል ራሱን የሚቆጣጠርበት ስልት መሆኑን ስላሳዩ ነው። ሚዩ አባል የሆነበትን ትልቁን የተቀባዮች ቤተሰብ አሠራር የፈቱት ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ ደግሞ በ2012 የኬሚስትሪውን ኖቤል ተቀበሉ።

ሌላም መታረም ያለበት ነገር አለ። ፎስፌት ሁልጊዜ «አጥፋ» የሚል ትእዛዝ አይደለም። ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል የሚቀበለውን የኤኤምፒኤ ተቀባይ እንውሰድ። ግሉኤ1 በሚባለው ክፍሉ 831ኛው ሴሪን ላይ ፎስፌት ሲተከል ተቀባዩ ይበረታል፤ በአንድ ጊዜ የሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይጨምራል። ይህንንና 845ኛውን ሴሪን ፎስፌት እንዳይዙ አድርገው ተመራማሪዎች ያራቧቸው አይጦች የተማሩትን ቦታ በትውስታቸው የማቆየት ችግር ታይቶባቸዋል። ስለዚህ አንድ ማሟያ በእርግጥ ፎስፌትን ከአንጎል ፕሮቲኖች ላይ ጠርጎ ማንሣት ቢችል ኖሮ፣ ከእናትዎ ጉልበት ሕመም በፊት ትዝታቸውን በነካ ነበር። ወሳኙ የፎስፌቱ መኖር ሳይሆን በየትኛው ፕሮቲን፣ በየትኛው አሚኖ አሲድ ላይ፣ በየትኛው ኢንዛይም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተተከለ ነው። በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ኤንኤምዲኤ የተባሉት ተቀባዮች ፎስፌት ሲይዙ የሕመምን መልእክት ያጎላሉ፤ ለረጅም ጊዜ ኦፒዮይድ የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች መጠኑ በጨመረ ቁጥር ሕመማቸው የሚብሰውም ከዚህ ዓይነቱ ለውጥ ጋር ይያያዛል። መጠን መጨመር ሁልጊዜ ማስታገሻ የመጨመር ያህል አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ፎስፌቱ በመላመድ ውስጥ፣ ማለትም ያው መጠን ማስታገስ እየተሳነው በመሄዱ ውስጥ፣ እጁ የለበትም ማለት ነው? አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ በሚዩ ተቀባይ ጅራት ላይ ፎስፌት ሊይዙ የሚችሉ አሥራ አንድ ቦታዎች በሙሉ ፎስፌት በማይይዝ አሚኖ አሲድ የተተኩባቸው አይጦች እንዲወለዱ ተደረገ። በእነዚህ አይጦች ላይ የኦፒዮይዶች ማስታገሻነት በረታ፣ መላመዱም ቀነሰ። ነገር ግን የአተነፋፈስ መዳከሙ፣ የሆድ ድርቀቱና መድኃኒቱ ሲቋረጥ የሚመጣው ሥቃይ አልቀረላቸውም፤ አንዳንዱም ባሰባቸው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ፎስፌቱ ተቀባዩን ከልክ በላይ ከመነቃቃት የሚጠብቅ ልጓም ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ደግሞም መላመድን በሙሉ አይገልጽም፤ ከጅራቱ ላይ በደቂቃዎች የሚነሣ ምልክት ለሳምንታት የሚቆይ መላመድን ብቻውን ሊሸከም አይችልም።

የቀረው ሸክም ያለው ከተቀባዩ ወዲያ፣ ሴሉ ውስጥና በሴሎቹ መካከል ባለው ትስስር ላይ ነው። መድኃኒቱ በየቀኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ሲያሳንስ፣ ሴሉ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይህንኑ መልእክተኛ የሚያመርተውን ኢንዛይም ያጠናክራል። ይህን ሻርማ፣ ክሊና ኒረንበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሰውነት ውጭ ባደጉ ሴሎች ላይ አሳይተውታል። መድኃኒቱ እስካለ ድረስ ሁለቱ ኃይሎች ይመጣጠናሉ። በአንድ ቀን ሲቋረጥ ግን የተጠናከረው ኢንዛይም ያለ ተቃዋሚ ይቀራል፤ በአንጎል ግንድ ውስጥ ኖርአድሬናሊን የሚያመነጩ ሴሎች ይደነብራሉ። ላብ፣ ንፍጥ፣ ተቅማጥ፣ የሰውነት መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት የሚከተሉት በዚህ ምክንያት ነው። ትራማዶል በዚህ ላይ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን ተመልሰው እንዳይወሰዱ የሚከለክል ሁለተኛ ሥራ ስላለው፣ በድንገት ሲቋረጥ መደንዘዝ፣ ግራ መጋባት፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየት ሊያስከትል ይችላል። «በአንድ ጊዜ ታቁም» የሚለው ምክር ያላሰበው ይህን ነው።

ከዚያም የከፋ አደጋ አለው። መድኃኒት ለወራት ሳይወሰድ ሲቆይ፣ ሳምንታት ብቻም ቢሆኑ፣ መላመዱ ይጠፋል። እናትዎ ወር ሙሉ አቁመው ሕመሙ ሲበረታባቸው ወደ ቀድሞው 300 ሚሊግራም ቢመለሱ፣ ያንን መጠን ይችል የነበረው አንጎል አሁን የለም። ከኦፒዮይድ ርቀው ቆይተው ወደ ድሮ መጠናቸው የሚመለሱ ሰዎች ትንፋሻቸው የሚቆመው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ፍሉኦክሰቲን። ትራማዶል እንደተዋጠ በራሱ ሚዩን በደካማው ብቻ ነው የሚይዘው። ጉበት ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ወደ ሌላ ኬሚካል፣ ወደ ኤም1፣ ይቀይረዋል፤ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ኤም1 ሚዩን የመያዝ ኃይሉ ከትራማዶል እስከ 200 እጥፍ ይደርሳል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም አጥብቆ ያግዳል። ኢንዛይሙ ሲታገድ ኤም1 ያንሳል፤ ሰውየው ትራማዶል እየዋጠ ማስታገሻውን ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቅዎ ይህን ነው፤ የእናትዎ ሕመም የባሰው፣ መጠኑም የተጨመረው ከአምስት ወር በፊት ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ? ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ከአንጎል ተቀባዮች በፊት የምጠረጥረው ጉበትን ነው። የአንጎል ሴሎች ሽፋን በጎደለ መድኃኒት ምክንያት ሊወቀስ አይገባም።

ይህ ኢንዛይም በአገራችን ሰዎች ዘንድ የተለየ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የሚሠራው የሲዋይፒ2ዲ6 ዘረመል ከአንድ በላይ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። እንዲህ ያለው ሰው ከተመሳሳይ ክኒን ብዙ ኤም1 በፍጥነት ያመነጫል፤ ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእርሱ ሊበዛበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ትራማዶልና ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው ያስጠነቀቀው በዚሁ አደጋ ምክንያት ነው። እናትዎ ከእነዚህ ሰዎች ወገን ይሁኑ አይሁኑ በመገመት አይታወቅም፤ ኢትዮጵያዊ መሆን ብቻውን መልስ አይሰጥም። ግን የቤተሰብ አባል የሆነ ሕፃን ሳል ወይም ሕመም ሲይዘው ከእርሳቸው ክኒን እንዳይቆረስለት ከአሁኑ አደራ እላለሁ።

የሁለቱ መድኃኒቶች መገናኘት ማስታገሻውን ከማሳነስ ያለፈ ጣጣም አለው። ትራማዶል የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ የማስነሣት ጠባይ አለው፤ ፍሉኦክሰቲን አብሮት ሲወሰድና መጠኑ ሲጨምር ይህ አደጋ ከፍ ይላል። ሁለቱም ሴሮቶኒንን ስለሚያበዙ ትኩሳት፣ ከባድ ላብ፣ መቁነጥነጥ፣ የጡንቻ መንዘርዘርና የልብ ምት መፍጠን የሚታይበት የሴሮቶኒን መመረዝ ሊከተል ይችላል። 400 ሚሊግራም ለአዋቂ ሰው የቀን የመጨረሻ ጣሪያ ነው፤ ፍሉኦክሰቲን ለሚወስዱ እናት ደግሞ ወደዚያ ጣሪያ መጠጋትም አይገባም። የሸጡላችሁን ማሟያም ያቁሙላቸው። አንጎል የሚያጥብ ማሟያ የለም፤ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ወይም ፋይቭ ኤችቲፒ ካለበት ደግሞ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ተጨማሪ ሴሮቶኒን ነው።

«እንግዲያውስ ፍሉኦክሰቲኑን እናስቁመው» እንዳይሉኝ። ፍሉኦክሰቲን ከቆመ በኋላም ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ቀስ በቀስ ሲወጣ የታገደው ኢንዛይም ይነቃል፤ ያኔ ያው 300 ሚሊግራም ትራማዶል ከበፊቱ እጅግ የበለጠ ኤም1 ይሰጣል። ማንም ሳያስተውል፣ ክኒኑም ሳይጨመር፣ እናትዎ ሊያንቀላፉና ትንፋሻቸው ሊደክም ይችላል። ድባቴውም ያለ ሕክምና ይቀራል፤ ያልታከመ ድባቴ ሕመምን ራሱን ያከፋል። ከሁለቱ መድኃኒቶች የትኛው፣ በየትኛው ቅደም ተከተል፣ በምን ፍጥነት እንደሚቀየር መወሰን ያለበት ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ሐኪም ነው።

ተቀባዩን በቀጥታ የሚያክም ነገር የለም ወይ? በአይጦች ላይ ካይኔዞችን በማገድ መላመድን መመለስ ተችሏል። የሰው ልጅ ግን ከ500 በላይ ካይኔዞች አሉት፤ እነዚህ ኢንዛይሞች ከልብ እስከ በሽታ መከላከያ ድረስ ሁሉም ቦታ ይሠራሉ። ለዚህ ዓላማ ለሰው የተፈቀደ መድኃኒት የለም። አረስቲንን ሳይነካ ጂ ፕሮቲኑን ብቻ የሚያነቃ መድኃኒት የመሥራቱ ተስፋም የተጠበቀውን ያህል አልሆነም፤ በዚህ ሐሳብ የተሠራው ኦሊሰሪዲን እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በደም ሥር፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሕክምና ተቋም ብቻ እንዲሰጥ ሲሆን፣ ትንፋሽን የማዳከም ማስጠንቀቂያም አብሮት አለ።

ስለ ጉልበቱ ራሱ አጭር ነገር ልበል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ክኒን ሲወራ ጉልበቱ የተረሳ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ወይም የዳሌና የጉልበት አርትራይተስ ያለባቸውን 240 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሎ ነበር። ኦፒዮይድ የወሰዱት የተሻለ መንቀሳቀስ አልቻሉም፤ የሕመማቸው መጠን እንዲያውም ሌሎች ማስታገሻዎች ከወሰዱት በመጠኑ የበለጠ ሆኖ ተገኘ። የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢጀመር፣ ክብደት ካላቸው መቀነሱ ቢታሰብበት፣ ጉልበት ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ቢሞከር፣ አስፈላጊ ከሆነ መገጣጠሚያው ውስጥ መርፌ ቢሰጥ፣ ጉዳቱ ከገፋ ደግሞ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ቢያየው የሚሻል ነው። አይቡፕሮፌንን የመሰሉ የሚዋጡ ማስታገሻዎችን ግን በራሳችሁ አትጀምሩ፤ ከፍሉኦክሰቲን ጋር ሲሆኑ የጨጓራ መድማት አደጋን ይጨምራሉ፤ ለደም ግፊትና ለኩላሊትም አይስማሙም። ዱሎክሰቲን ለጉልበት ሕመም ይረዳል ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ቢኖር፣ ከትራማዶልም ከፍሉኦክሰቲንም ጋር አብሮ የሚወሰድ እንዳልሆነ አስታውሱ።

እናትዎንም እንደ ሱሰኛ አትዩአቸው። ሰውነታቸው መድኃኒቱን መልመዱና ሲቋረጥ መታወኩ፣ ማንኛውም ሰው ይህን መድኃኒት ይህን ያህል ጊዜ ቢወስድ የሚደርስበት የሴሎች ምላሽ ነው። ሱስ ማለት ጉዳቱ እየታየ፣ ሕመም ሳይኖርም፣ መድኃኒቱን ለማግኘት ያለ ልጓም መሮጥ ነው፤ ከጻፉልኝ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ቤት ውስጥ ከተገሠጹ ክኒን መደበቅ ይጀምራሉ፤ ያኔ የሚወስዱትን መጠን የሚያውቅ ሰው ይጠፋል።

የማሳስበው ይህን ነው። ማሟያው ይቁም እንጂ ከሁለቱ መድኃኒቶች ዛሬ ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አትቀንሱ፤ ትራማዶሉ በነበረበት መጠንና ሰዓት ይቀጥል። በዚህ ሳምንት ውስጥ የሁለቱንም መድኃኒቶችና የማሟያውን ማሸጊያ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ የትራማዶሉ መጠን በየትኛው ወር እንደጨመረ በወረቀት ላይ ጻፉለት። ፍሉኦክሰቲኑ ሲዋይፒ2ዲ6ን በማያግድ ሌላ የድባቴ መድኃኒት ይተካ ወይስ ትራማዶሉ ይቀነስ ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። የእኔ ምርጫ ትራማዶሉን ቀስ ብሎ ቀንሶ ማቆምና ጉልበቱን በሌላ መንገድ ማከም ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በወር 10 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት መቀነስ ይሻላል። ካፕሱል ተከፍሎ ስለማይወሰድ፣ በአንዴ የሚቀነሰው አንድ ካፕሱል ከሆነ በቅናሾቹ መካከል ያለው ጊዜ መርዘም ይኖርበታል፤ ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት ክኒን ደግሞ ፈጽሞ አይሰበርም፣ አይፈጭም። በዚህ ሁሉ ጊዜ አልኮል፣ ዲያዜፓምና ሌላ የእንቅልፍ ክኒን አይነካም።

እናትዎን መንቀጥቀጥ ቢጥላቸው፣ ትኩሳትና መንዘርዘር አብረው ቢመጡባቸው፣ ወይም ለመቀስቀስ ቢያስቸግሩና ትንፋሻቸው ቢዘገይ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ለሐኪሙ የሁለቱንም መድኃኒቶች ስምና የመጨረሻው ትራማዶል የተዋጠበትን ሰዓት ንገሩ።